ኢብን ሲና፦ የአካል እንቅስቃሴን ሚዛን ያስተማሩት ሐኪም

አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ዐብደላህ ኢብን ሲና እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ980 በቡኻራ አቅራቢያ በምትገኘው አፍሻና ተወለዱ። ቅዱስ ቁርኣንን በ10 ዓመታቸው አጠናቀቁ። ገና በወጣትነታቸው የሳማኒዱን ገዥ ኑሕ ኢብን መንሱርን በማከማቸው የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው።

የሳማኒዶች መንግሥት ሲወድቅ ከከተማ ወደ ከተማ ተሰደዱ። በሐመዳን ቀን በሚኒስትርነት ያገለግሉ፣ ሌሊት ደግሞ ያስተምሩና ይጽፉ ነበር።

አምስት መጻሕፍትን የያዘው ዝነኛ ሥራቸው «አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ» ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጤናን ስለመጠበቅ ሲያስተምሩ ለአካል እንቅስቃሴ ሰፊ ቦታ ሰጡ። እንቅስቃሴን ትንፋሽን የሚያፋጥንና ጥልቅ የሚያደርግ፣ በፈቃድ የሚከናወን ተግባር ሲሉ ተረጎሙት። ብርቱውን ከለዘብተኛው፣ ፈጣኑን ከዝግተኛው ለዩ፤ ትግልን፣ ሩጫን፣ ፈጣን እርምጃንና ግልቢያን በየዓይነታቸው ዘረዘሩ። እያንዳንዱ የአካል ክፍል የራሱ ልምምድ እንዳለው፣ ልክ ያለፈ ድካምም የሰውነትን ተፈጥሯዊ ሙቀት እንደሚያሟጥጥ አስገነዘቡ።

የዛሬው ሳይንስ ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ ያብራራዋል። ክብደት እንደማንሳት ያለ አጭርና ብርቱ ልምምድ የጡንቻን ክሮች ያወፍራል፤ ነርቮችም ብዙ ክሮችን በአንድነት እንዲያንቀሳቅሱ ያለማምዳል። እንደ ረጅም ሩጫ ያለው ደግሞ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮችና ኃይል አመንጪዎቹን ማይቶኮንድሪያዎች ያበራክታል። አካል የሚለወጠው በተጠየቀው ሥራ ዓይነት ነው፤ ለውጡ የሚጸናውም በቂ ዕረፍት ሲያገኝ ነው።

ለሌላው ሚዛንን ያስተማሩት ሐኪም ግን ለራሳቸው አካል አልራሩም። በኢስፋሃን ገዥ በዐላእ አድ-ደውላ ዘመቻ ላይ ሳሉ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ያዛቸው። ከጉዞው ላለመቅረት ሕክምናውን አብዝተው በመደጋገማቸው አንጀታቸው ቆሰለ። ጥቂት ሲሻላቸውም ሳያገግሙ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በመጨረሻ ኃይላቸው መሟጠጡን ሲረዱ መድኃኒቱን ተዉ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት እንደሚተርኩት ባሮቻቸውን ነፃ አወጡ፣ ለድሆች ምጽዋት ሰጡ፣ ቁርኣን በመቅራትም ጸኑ። በ428 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1037፣ በረመዳን ወር አረፉ፤ በሐመዳንም ተቀበሩ።

መጽሐፋቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በቶሌዶ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለበርካታ መቶ ዓመታት ተማሩበት።