የአሻንጉሊት ድብ እናት
የማርጋሬተ ሽታይፍ አጭር የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ እንደ ዝንባሌው የሚሰበስበው ነገር አለው። አንዱ ቴምብር ያከማቻል፤ ሌላው የጥንት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ አሮጌ መጻሕፍት ሲያስስ ይውላል። በአውሮፓ፥ በአሜሪካና በጃፓን ግን አሮጌ የድብ አሻንጉሊቶችንና ትናንሽ የእንስሳት ምስሎችን የሚሰበስቡ፥ ለአንዱም ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች መኖራቸውን ስንሰማ ብዙዎቻችን እንገረም ይሆናል። እነዚህ ሰዎች አንድ አሮጌ ድብ እጃቸው ሲገባ ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ግራ ጆሮውን ነው። በዚያ ጆሮ ላይ ትንሽ የብረት ቁልፍ ተመትታ ያገኙ እንደ ሆነ ደስታቸው ወሰን የለውም።

ይህች ቁልፍ የማን ምልክት እንደ ሆነች፥ ከበስተኋላዋም ምን ዐይነት ሕይወት እንዳለ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት የጽሑፋችን ዐላማ ነው። ባለታሪኳ ጀርመናዊት ናት፤ ስሟም ማርጋሬተ ሽታይፍ ይባላል። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ልጅነቷ

ማርጋሬተ በጁላይ 24 ቀን 1847 በደቡብ ጀርመን፥ ያን ጊዜ ቩርተምበርግ በተባለው መንግሥት ውስጥ፥ በብሬንዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው ጊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሪድሪሽ ሽታይፍ የቤት ሥራ ተቋራጭ ነበር። ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ እርሷ ስትሆን፥ ሁለት ታላላቅ እኅቶችና ፍሪትስ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበሯት።

ዕድሜዋ አንድ ዓመት ተኩል ሲሆን ብርቱ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ሁለቱ እግሮቿ አልታዘዝ አሉ፤ ቀኝ እጇም ደከመ፥ ስታነሣውም ያማት ነበር። በሽታው የልጅነት ልምሻ፥ ዛሬ ፖሊዮ የምንለው ነበር። በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ መከላከያ አልነበረውም፤ የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት ለሕዝብ የተፈቀደው በ1955፥ ማለት ማርጋሬተ ከሞተች ከ46 ዓመት በኋላ ነው።

ወላጆቿ ልጃቸውን ለማዳን ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። በ1856 ሉድቪግስቡርግ ወደምትባለው ከተማ ሄዳ ቨርነር በተባለ የታወቀ ሐኪም እጅ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያም ቪልድባድ ወደሚባለው የፍል ውሃ ስፍራ ተወሰደች። ይሁን እንጂ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሮቿ እንደ ቀድሞው ነበሩ። በዚያን ጊዜ አካሏ የተጎዳ ሴት ልጅ ባል ታገባለች፥ ወይም በሙያዋ ራሷን ትችላለች ተብሎ አይታሰብም ነበርና፥ የልጅቷ የወደፊት ኑሮ እናቷን ሌት ተቀን ያስጨንቃት ነበር።

ማርጋሬተ ግን ከትምህርት ቤት አልቀረችም። በእጅ በሚጎተት ጋሪ ላይ ትቀመጥና እኅቶቿ፥ ወንድሟና የጎረቤት ልጆች እየተፈራረቁ ይጎትቷት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ደጅ ስትደርስም በአቅራቢያው የምትኖር አንዲት ሴት ተሸክማ ደረጃውን ታወጣት ነበር። ልጆቹ ጋሪውን የሚጎትቱት ስላዘኑላት ብቻ አልነበረም፤ ማርጋሬተ ጨዋታ አዋቂ ነበረች። በጋሪዋ ላይ ተቀምጣ አዲስ ጨዋታ ታወጣላቸው፥ ትንንሾቹንም ትጠብቅላቸው ነበርና ልጆች ከአጠገቧ አይጠፉም ነበር።

ትምህርቷና ሙያዋ

ከዚህ በኋላ ወደ ስፌት ትምህርት ቤት ገባች። ቀኝ እጇ ስለ ደከመ መርፌ መያዝ ከሌሎቹ ይልቅ ያስቸግራት ነበር፤ ሆኖም ጥቂት በጥቂት እየተለማመደች ጥሩ ሰፊ ወጣት። ዚተር የሚባለውን ባለ ብዙ ክር የሙዚቃ መሣሪያም ተምራ፥ ኋላ ለሌሎች እያስተማረች ገንዘብ አገኘች።

ቤተ ሰቡ የስፌት መኪና ሲገዛ አዲስ ችግር መጣ። የመኪናው መዘውር የሚዞረው በቀኝ እጅ ነው፤ የማርጋሬተ ቀኝ እጅ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ስለዚህ መኪናውን ወደ ኋላ አዙራ አስቀመጠችውና መዘውሩን በግራ እጇ ማዞር ጀመረች። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጠቅላላ ሕይወቷ በዚህ አንድ ሥራ ሊመሰል ይችላል።

ዕድሜዋ 17 ዓመት ገደማ ሲሆን አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰነች። ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ሁሉ ፈውስ በመፈለግ ያለፈ ነበር። ከእንግዲህ ወዲህ ግን የማይመጣውን ፈውስ መጠበቅ ትታ ባላት አካል ለመሥራት ቈረጠች። ከእኅቶቿ ጋር ልብስ ትሰፋ ጀመር፤ እኅቶቿ ባል አግብተው ሲሄዱም ሥራውን ብቻዋን ቀጠለች። አባቷ በ1874 ቤቱን ሲያድስ የሥራ ክፍል አዘጋጀላት።

በጊንገን ከተማ የዘመዶቿ የፊልት ፋብሪካ ነበር። ፊልት ማለት እንደ ሸማ በድርና በማግ ሳይሸመን፥ የበግ ጠጕር በእርጥበትና በሙቀት ተጠቅጥቆ የሚሠራ፥ ባርኔጣ የሚሆን ወፍራም ጨርቅ ነው። ማርጋሬተ በ1877 ከዚህ ጨርቅ የተሰፉ የሴቶችና የልጆች ልብሶች የሚሸጡበት ሱቅ ከፈተች። ሥራው እየሰፋ ሲሄድም ሠራተኞች ቀጠረች። ማን ይጦራታል የተባለችው ልጅ ለሌሎች እንጀራ የምትሰጥ ሆነች።

ትንሿ ዝሆን

በዲሴምበር 1879 በአንድ የፋሽን መጽሔት ላይ የዝሆን ቅድ አየች። ቅዱን ተከትላ በፊልት ዝሆን ሰፋች፤ ሆዱንም በለስላሳ የበግ ጠጕር ሞላችው። ያሰበችው ሴቶች መርፌ የሚሰኩበት ይሆናል ብላ ነበር፤ ለዘመዶቿም ስጦታ ሰጠቻቸው። ነገር ግን ልጆች ዝሆኖቹን ከእናቶቻቸው የስፌት ቅርጫት እየወሰዱ መጫወቻ አደረጓቸው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ከሱቅ የሚገዛው መጫወቻ በብዛት ከእንጨት፥ ከቆርቆሮ ወይም ከሸክላ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው መጫወቻ ለዐይን ያምራል እንጂ ታቅፈውት አይተኙበትም፤ ቢወድቅም ወይ ይሰበራል ወይ ያቈስላል። የፊልቷ ዝሆን ግን ለስላሳ ናት፤ ብትወድቅ አትሰበርም። ማርጋሬተም ልጆቹ ያሳዩአትን ተመልክታ ዝሆኖቹን ለሽያጭ መሥራት ጀመረች። ስለዚህ የኩባንያው ልደት የሚቈጠረው ከ1880 ነው።

ወንድሟ ፍሪትስ ዝሆኖቹን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ወደ ሃይደንሃይም ገበያ ወጣና ሸጣቸው። እስከ 1886 ድረስ ከ5,000 የሚበልጡ ዝሆኖች ተሸጡ። ከዝሆኑ ቀጥሎ ዝንጀሮ፥ አህያ፥ ፈረስ፥ ግመል፥ አሳማ፥ ውሻና ድመት ተሠሩ። ፍሪትስ ለእኅቱ አዲስ ቤት ሲሠራ ባለ መንኰራኵር ወንበሯ እንደ ልብ እንዲዘዋወርበት አድርጎ አዘጋጀው። በ1892 ሥዕል ያለበት የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ ታተመ፤ በ1893 ደግሞ ድርጅቱ የፊልት መጫወቻ ፋብሪካ ተብሎ በሕግ ተመዘገበ። ማርጋሬተም አዲስ የሚወጣውን አሻንጉሊት ናሙና ራሷ ትመረምር ነበር፤ ልጅን የሚጎዳ ወይም ቶሎ የሚቀደድ ነገር ከእጇ እንዲወጣ አትፈቅድም ነበር።

ድቡ

በ1897 የፍሪትስ ልጅ ሪቻርድ ከአክስቱ ጋር መሥራት ጀመረ። ይህ ወጣት በሽቱትጋርት ከተማ የጥበብ ሥራ ተምሮ ነበር፤ በዚያም ወደ እንስሳት ማሳያው እየሄደ ድቦችን ሲስል ይውል ነበር። በ1902 እጁ፥ እግሩና ራሱ የሚንቀሳቀስ፥ ከሞሄር፥ ማለት ከአንጎራ ፍየል ጠጕር በተሠራ ጨርቅ የተሰፋ ድብ አወጣ። ድቡ ተቀምጦ ቁመቱ 55 ሳንቲሜትር ነበር። ጨርቁ ውድ፥ ድቡም ትልቅ ስለ ነበር ማርጋሬተ በመጀመሪያ ተጠራጥራ ነበር ይባላል፤ ቢሆንም የወንድሟን ልጅ አልከለከለችውም።

በ1903 ድቡ በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ቀረበ። ብዙ ሰው አላስተዋለውም ነበር። በመጨረሻ ግን አንድ የአሜሪካ ነጋዴ አየውና 3,000 ድቦች አዘዘ።

በዚሁ ዘመን በአሜሪካም ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በኖቬምበር 1902 በሚሲሲፒ አደን ወጥተው ሳለ፥ ከዛፍ ጋር የታሰረ ድብ እንዲተኩሱበት ቢቀርብላቸው አልተኩስም አሉ። ክሊፎርድ ቤሪማን የተባለ ሠዓሊ ይህን በጋዜጣ ላይ ሣለው። በብሩክሊን ይኖር የነበረው ባለ ሱቅ ሞሪስ ሚችተምና ሚስቱ ሥዕሉን አይተው የድብ አሻንጉሊት ሠርተው ሸጡ። ቴዲ የፕሬዚዳንቱ የቍልምጫ ስም ነበርና ድቡ ሁሉ፥ ከጊንገን የመጣውም ጭምር፥ ቴዲ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ጎርፍ መጣ። በ1904 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ በተደረገው የዓለም ትርኢት የሽታይፍ ድርጅት ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በ1907 በአንድ ዓመት ብቻ 974,000 ድቦች ተሠሩ። በፋብሪካው 400 ያህል፥ በየቤታቸው ደግሞ 1,800 ያህል ሰዎች ይሠሩ ነበር። በ1903 የተሠራው የፋብሪካ ሕንፃ ግድግዳው መስተዋት፥ አጥንቱ ብረት ነው፤ ሰፊዎቹ በቂ ብርሃን እንዲያገኙ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ቁልፏ

ድቡ ሲወደድ አስመሳዮች በዙ። ርካሽ ድብ በሽታይፍ ስም እየተሸጠ ቢቀደድ የሚበላሸው የማርጋሬተ ስም ነው። ስለዚህ በ1904 ሌላው የወንድሟ ልጅ ፍራንትስ በአሻንጉሊቱ ሁሉ ጆሮ ላይ የብረት ቁልፍ እንዲመታ አሳብ አቀረበ። የመጀመሪያዋ ቁልፍ የዝሆን ምስል ነበረባት፤ ኋላ ግን ሽታይፍ የሚለው ስም ተጻፈባት።

ዛሬ ሰብሳቢዎች የድቡን ዕድሜ የሚያውቁት እንዲህ ባለው ምልክት ነው። ዝሆን ያለባት ቁልፍ ከ1904 እስከ 1905 የነበረችውን ጊዜ ታመለክታለች። የጥንቱ ድብ ዐይን የጫማ ቁልፍ ነው፤ ክንዱ ረጅም፥ ጀርባው ጎባጣ፥ ሆዱም በቀጭን የእንጨት ፍቅፋቂ የተሞላ ነው። አንዳንዱ ድብ በፊቱ መካከል ስፌት አለው። ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ስድስት ሙሉ ራስ ከወጣ በኋላ ሰባተኛው ከተረፈው ቍራጭ ይገጣጠም ነበርና ነው። ጨርቅ እንዳይባክን የተደረገው ቍጠባ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ምልክት ሆነ።

የዋጋውን ነገር ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከ1904 ገደማ ጀምሮ የነበረ፥ በእንግሊዛዊው በኮሎኔል ቦብ ሄንደርሰን ዘንድ ዕድሜ ልክ የኖረ አንድ የሽታይፍ ድብ በ1994 ለንደን ላይ በጨረታ 110,000 ፓውንድ ተሸጦ ወደ ጃፓን ሄደ። በ1902 ከወጣው ከመጀመሪያው ዐይነት ድብ ግን አንድም ተርፎ አልተገኘም።

ዕረፍቷ

ማርጋሬተ በ1906 ድርጅቱን ከወንድሟ ልጆች ጋር በኩባንያ አቋቋመችው። በሜይ 9 ቀን 1909 በሳንባ ምች በሽታ ታማ በ61 ዓመቷ ዐረፈች። ባል አላገባችም፥ ልጅም አልወለደችም፤ ሆኖም ስንት የማታውቃቸው ልጆች የእጇን ሥራ ታቅፈው እንደ ተኙ ሊቈጥር የሚችል የለም። በጊንገን ከተማ የአሻንጉሊቶቹ ቤተ መዘክር በ2005 ተከፍቶ ከየአገሩ የሚመጡ ጐብኚዎችን ይቀበላል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ወላጆች፥ በአካል የደከመ ልጅ በአእምሮና በሙያ እንደማይደክም ይገነዘቡበታል። መምህራን፥ እጁ የማይታዘዝለትን ተማሪ ጥቂት መታገሥ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ይመለከቱበታል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ስለዚያ ጋሪ ልናስብ ይገባናል። የጊንገን ልጆች ጋሪውን ባይጎትቱት ኖሮ ማርጋሬተ ከቤት ውላ ትቀር ነበር፤ ዝሆኗም፥ ድቡም፥ ቁልፏም ባልኖሩ ነበር። እነዚያ ልጆች ስማቸው በታሪክ አልተጻፈም። በየትምህርት ቤቱ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፥ መጽሐፉን የሚይዝለት የሚፈልግ ጓደኛ አይታጣም። ለእርሱ እጃችንን ስንዘረጋ የምንረዳው ማንን እንደ ሆነ፥ ነገም ከእርሱ ምን እንደሚገኝ አስቀድመን ልናውቅ አንችልም፤ መርዳቱ ግን ዛሬ የምንችለው ሥራ ነው።