አስቴር ጋኖ፤ ቃላትን የሰበሰበች ሴት

በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚገኙት ከተሞች ሦስቱ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ይባላሉ። በሰበታ በኩል የሚያልፈው መንገድ ወደ ጅማ ይወስዳል፤ ከጅማም በስተ ሰሜን ሊሙ የሚባል አገር አለ። በቡራዩ በኩል የሚወጣው መንገድ በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምት ይደርሳል። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በሦስቱም አገር ብዙ ሰው በቤቱና በገበያ ኦሮምኛ ይናገራል፤ በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም የእግዚአብሔር ቃል በኦሮምኛ ይነበባል። ይህ ንባብ እንዴት እንደ ተጀመረ ለማወቅ የሚወድ ልጅ፥ በልጅነትዋ ከሊሙ በባርነት ተወስዳ ኋላ በነቀምት መምህርት የሆነችውን የአስቴር ጋኖን ታሪክ ያንብብ። በዚህ ታሪክ የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቴር የተወለደችው በ1872 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወላጆችዋ ነጻ ሰዎች ነበሩ፤ እርስዋም ነጻ ሆና ተወለደች። ነገር ግን በዚያን ዘመን የሰው ልጅ እንደ ከብት ይሸጥ ነበርና የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ከዚህም በኋላ ለነጋዴዎች ተሰጠች። ነጋዴዎቹም ከሌሎች ምርኮኞች ጋር አድርገው ወደ ባሕር ዳርቻ ነዱአት። ከሊሙ እስከ ቀይ ባሕር ያለው መንገድ ለጠና ሰው እንኳ ከባድ ነው፤ ደጋውን ወጥቶ ቈላውን ወርዶ በረሓውን መሻገር አለበት። በዚህ መንገድ ከተነዱት ሕፃናት ስንቶቹ እንደ ወደቁ የቈጠረ የለም።

በባሕሩ ዳር ምርኮኞቹ ወደ ዓረብ አገር በሚሻገር መርከብ ላይ ተጫኑ። ባሕሩን ቢሻገሩ ኖሮ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ተመልሶ አገሩን ማየቱ ጭንቅ ነበር። ነገር ግን በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከብ ያንን መርከብ በባሕር ላይ ያዘውና የተጫኑትን ሰዎች ነጻ አወጣቸው። ኢጣልያኖች ምጽዋን ከያዙ ገና አንድ ዓመት ያህል ሆኖአቸው ነበር። በምጽዋ አጠገብም እምኩሉ በሚባል ስፍራ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ፤ ነጻ የወጡት ልጆች ወደዚያ ተሰጡ። አስቴርም ከእነርሱ ጋር ገባች፤ ዕድሜዋም ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ነበረ።

ስሟ በመጽሐፍ ቅዱስ እንደምትገኘው እንደ አስቴር ነው። ያችም አስቴር አባትና እናት የሌላት፥ በስደት አገር ያደገች ልጅ ነበረች።

በዚያው ዘመን ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባል ሰው በእምኩሉ ይሠራ ነበር። እርሱም በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ከእናቱ እጅ ተሰረቀ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጠ፤ በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በ1872 ዓ.ም. ተጠመቀ። በስዊድን አገርም ተምሮ ነበር። በልቡ የነበረው አሳብ አንድ ነው፤ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌልን በገዛ ቋንቋቸው ሊያስተምራቸው ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረ። በሁለተኛው ጊዜ በ1886 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋር እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ይኸውም ተራራ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የሱሉልታ ሜዳ የሚታይበት ነው። የቀረው መንገድ ወደ ምዕራብ ነበረ። ንጉሥ ምኒልክ ግን እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም፤ ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሰው ወደ ባሕሩ ዳር ሄዱ። ኦነሲሞስ ከእንጦጦ በተመለሰበት ዓመት አስቴር ከባርነት ወጣች። እርሱ እንደ ፈቀደ አልፎ ሄዶ ቢሆን ኖሮ እርስዋን በእምኩሉ ባላገኛት ነበር።

ኦነሲሞስ መንገድ ቢከለከል መጻሕፍትን በመተርጐም ሊያስተምር ቈረጠ። ድምፁ ያልደረሰበትን አገር መጽሐፍ ይደርስበታልና። ከእርሱ በፊት ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ከቅዱሳት መጻሕፍት ከፊሉን ወደ ኦሮምኛ መልሶ ነበር፤ ነገር ግን የእናት ቋንቋው ኦሮምኛ ያልሆነ ሰው የሠራው ሥራ ለሰሚ ጆሮ ይጐረብጣል። ኦነሲሞስስ? እርሱ ትውልዱ ኦሮሞ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነው። ልጅ ውኃና እንጀራ፥ እናትና እሳት ማለትን ያውቃል፤ ሽማግሎች በሸንጎ ተቀምጠው የሚናገሩትን፥ ሴቶች በለቅሶና በሠርግ የሚሉትን ግን አያውቅም። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ስለ ፍርድና ስለ ቃል ኪዳን፥ ስለ መበለትና ስለ ርስት፥ ስለ ዘርና ስለ መከር ይናገራል። ለዚህ ሁሉ ቃል ያስፈልግ ነበር።

አስቴር ከቤትዋ የወጣችው አድጋ ነው። ስለዚህ የአገርዋን ቋንቋ ከነወዙ ይዛ መጣች። ወንበዴ የሰውን በሬ፥ ልብስና ገንዘብ ይወስዳል፤ ንጉሡና ነጋዴዎቹም ያላትን ሁሉ ወስደውባት ነበር፤ ቋንቋዋን ግን ሊወስዱባት አልቻሉም። ኦነሲሞስ የልጅቱን አእምሮና የአንደበትዋን ጥራት አስተውሎ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ሰጣት።

መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት እንዲህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሰው የሚናገረውን ቃል ሁሉ አስቦ አይናገረውም፤ በሚያስፈልገው ጊዜ ከአፉ ይወጣል እንጂ። ቃላትን የሚሰበስብ ሰው ግን ተቀምጦ እያንዳንዱን ማስታወስ አለበት፤ የእርሻውን ዕቃ፥ የሰውነትን ክፍል፥ የዝምድናውን ስም፥ የእህሉንና የዛፉን ዓይነት፥ የቍጣውንና የሐዘኑን ቃል። ደግሞም በእምኩሉ ከነበሩት ነጻ የወጡ ኦሮሞዎች አንዱ ከሊሙ፥ አንዱ ከሌላ አገር የመጣ ነበረ፤ አንዱ የሚለውን ቃል ሌላው በሌላ መንገድ ይለዋል። የትኛው ቃል በብዙ አገር እንደሚሰማ መመርመርና መምረጥ ይገባል። አስቴር ይህን በትዕግሥት ሠራች። የሰበሰበችውም መዝገብ አስቀድሞ የሐዲስ ኪዳኑን ትርጕም ለማቃናት ጠቀመ፤ ሐዲስ ኪዳኑም በ1893 ዓ.ም. በእምኩሉ ታተመ።

በዚያ ዘመን የኦሮምኛ መጻሕፍት የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። ፊደሉ ግን ለኦሮምኛ ሁልጊዜ አይበቃም፤ በአማርኛ የሌለ የደ ዓይነት ድምፅ በኦሮምኛ አለና፥ ስለዚህ ድምፅ ዸ የሚባል ፊደል አለ። ቃሉ ሲጠብቅና ሲላላ፥ ድምፁም ሲረዝምና ሲያጥር ግን በጽሕፈት አይታይም ነበርና አንባቢው በልቡ ማወቅ ነበረበት። ለእግዚአብሔር ስም ከሌላ ቋንቋ ቃል አልተዋሱም፤ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በጸሎት የሚጠራበትን ዋቃዮ የሚለውን ስም ጻፉ። ስለዚህ ኦሮሞ ገበሬ መጽሐፉ ሲነበብ በሰማ ጊዜ እናቱ ስትጸልይ የሰማውን ስም አገኘ።

አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍም ወደ ኦሮምኛ ተረጐመች። ከዚህም ሌላ አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ እርሱም ስለ ተማሪዎች ስለ ሆነ እዚህ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። ማንበብ የሚጀምር ልጅ የማያውቀውን ፊደል በማያውቀው ነገር ላይ ቢያገኘው ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ የሚያውቀውን ነገር ቢያነብብ ግን ፊደሉ ራሱ ይገለጥለታል። ስለዚህ አስቴር በአገርዋ የሰማችውን እንቆቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን ከልብዋ እያወጣች ጻፈች፤ የጻፈችውም 500 ያህል ነበረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለጀማሪዎች በተዘጋጀው የማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ፤ መጽሐፉም በ1894 ዓ.ም. ታተመ።

ይህ ለሚያስተውል ሰው የሚያስደንቅ ነገር ነው። የሚሲዮን ሰዎች ብዙ ጊዜ የአገሬውን ተረትና ዘፈን ከንቱ ነው እያሉ ይተዉት ነበር። የእምኩሉ መጽሐፍ ግን እንዲህ አላደረገም። እንቆቅልሽ፥ ኦሮሞዎች ሂብቦ የሚሉት፥ በማታ በእሳት ዙሪያ ልጆችና ሽማግሎች የሚጫወቱት ነው፤ ጠያቂው ይጠይቃል፥ የሚያውቅ ይመልሳል፥ የማያውቅ ይረታል። ከእናትዋ እሳት ዳር የተነጠቀች ልጅ ያንን ጨዋታ በቀለም አስቀመጠችው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ብሉይ ኪዳን አለፈ። ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ረዳቶች ጋር ዓመታት ደከሙ፤ ሥራው ሲፈጸም በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና በ1899 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። የመዝሙር መጽሐፍም አብረው አዘጋጁ። በመጽሐፍ ቅዱሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው የተርጓሚ ስም ግን የኦነሲሞስ ብቻ ነው፤ የአስቴር ስም አልተጻፈም። ኦነሲሞስ ታላቅ ሰው ነበር፥ ድካሙም ብዙ ነው፤ ከእርሱ ክብር የሚቀነስ የለም። ቢሆንም ሁለት ሰዎች የተሸከሙትን ሸክም አንዱ ብቻ ተሸከመው ማለት ቅን ፍርድ አይደለም።

መጻሕፍቱ ታትመው ሳለ አንባቢዎቹ በሩቅ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. ግን መንገዱ ተከፈተ፤ ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ኦሮሞዎች ጋር ከኤርትራ ወጥተው ወደ ወለጋ ገቡ። የነቀምት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ የቀድሞ ስማቸው ኩምሣ ሞረዳ፥ በደኅና ተቀበሉአቸው። በነቀምት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም መምህርት ሆነች። ወላጆች ወንድ ልጃቸውን እንኳ ለትምህርት በማይሰጡበት ዘመን አንዲት ሴት በትምህርት ቤት ቆማ ስታስተምር ማየት ለከተማው አዲስ ነገር ነበረ። ባሪያ ተብላ የተሸጠችው ልጅ አሁን መምህርት ተብላ ተጠራች።

ሰላሙ ግን ብዙ አልቈየም። ስብከቱና መጽሐፉ በኦሮምኛ ስለ ሆነ አንዳንድ ካህናት ተቈጥተው ከሰሱ። በ1906 ዓ.ም. ኦነሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት፤ ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው በነቀምት እንዲቀመጥ ፈቀዱለት፤ መስበክ ግን ተከለከለ። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቃድ ሰጡት። ሰባኪው ዝም በተባለበት ዘመን መጽሐፉ ዝም አላለም። ማንበብ የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ መጽሐፉን ይዞ ይመለሳል፤ አባቱ ባያነብብ ልጁ ያነብብለታል።

ኦነሲሞስ በ1931 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፈ። አስቴር ከእርሱ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረች። በዚህም ዘመን ብዙ ነገር አየች። የኢጣልያ ጦር ገባ፥ ወጣም። በ1944 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ሕግ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ እርስዋ በወጣትነትዋ የደከመችበት የኦሮምኛ ንባብ ከትምህርት ቤት ተገፋ። በቤተ ሰብና በማኅበር መካከል ግን መጽሐፉ ይነበብ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተቋቋመች፤ በወለጋ የነበሩት ማኅበሮችም የዚህች ቤተ ክርስቲያን አንድ ጽኑ ክፍል ሆኑ። አስቴር በ1964 ዓ.ም. ዐረፈች፤ ዕድሜዋም ዘጠና ዓመት ያህል ነበረ።

ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም ያሉ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት በዚህ ፊደል ነው። መጽሐፍ ቅዱሱም በአዲስ ትርጕም ወጥቶአል። ስለዚህ የ1899ኙን መጽሐፍ በዛሬ ጊዜ የሚያነብበው ጥቂት ሰው ነው። የአስቴርንም ድካም ለብዙ ዘመን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ኋላ የታሪክ ጸሐፊዎች፥ በተለይም ስዊድናዊው ጉስታቭ አሬን፥ የቀድሞዎቹን ሚሲዮናውያን ጽሑፎች መርምረው ሥራዋን ገለጡ። በእጅዋ ከጻፈቻቸው ተረቶችና እንቆቅልሾች ግን ብዙዎቹ ሳይታተሙ ቀርተው፥ ከሊሙ እጅግ ርቀው፥ በስዊድን አገር በሂላንደር ቤተ ሰብ እጅ ተቀምጠው ኖሩ።