ነርሷ ልዕልት
አያት፣ ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ የምንኖር ሰዎች «ጦር ኃይሎች» የሚለውን ስም በደንብ እናውቀዋለን፤ በእኛ በኩል የሚያልፈው ባቡር መጨረሻው እዚያ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ያለው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ግን ሲከፈት ሌላ ስም ነበረው፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል። ዛሬ ስለ ባለስሟ ላውራችሁ።

ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናት፤ የተወለደችው በ1912 ዓ.ም. ነው። ለልዕልት «እሳቸው» ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን ያረፈችው በ22 ዓመቷ ስለሆነ ከእኔም ታንሳለችና «እሷ» ልበላት።

በ1928 ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ከቤተሰቧ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደደች። ቁጭ ብላ አባቷ ወደ ዙፋናቸው እስኪመለሱ መጠበቅ ትችል ነበር። እሷ ግን ለንደን የሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች። በአሽከርና በገረድ መሃል ላደገች ልጅ ይሄ ቀላል ምርጫ አይደለም። የነርስ ሥራ ሕፃን ማጠብ፣ ቁስል መጥረግና ሌሊት ተረኛ መሆን ነውና። በ1931 ነሐሴ የሕፃናት ነርስ ሆና ተመዘገበች፤ ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ትምህርቷን ቀጠለች።

አገሩ ነፃ ሲወጣ ተመለሰች። በኋላ ጄኔራል የሆኑትን አብይ አበበን አገባች፤ እሳቸው ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ አብራ ነቀምት ሄደች። ነሐሴ 1934 ላይ ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው አረፈች። ልጇም አልተረፈም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ብዙ ነገር በገቢና በትምህርት ደረጃ ማስረዳት ይቀናኛል። ፀሐይ ግን ሁለቱም ነበራት፤ የንጉሥ ልጅ ናት፣ ያውም ነርስ። ነገር ግን ነርስ ራሷን ማዋለድ አትችልም። በዚያች ሰዓት የሚያድነው አጠገብ ያለ የሌላ ባለሙያ እጅ፣ የተዘጋጀ ደምና ቅርብ የሆነ ቀዶ ሕክምና ነው። ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች ያስረዳሉ፦ ለመሄድ መወሰን ላይ መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት።

ከሞተች በኋላ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት አገራቸው ውስጥ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። እዚያ ነርሶችም ሠለጠኑ። ከሐውልት ይልቅ ይሄ ለእሷ የሚመጥን መታሰቢያ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ዘመን ልምጣ። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች ደግሞ በ2000 ከነበሩበት 6 በመቶ በ2019 41 በመቶ ደርሰዋል። ሁለቱ የሚያያዙበት ምክንያት አለ። ያልታቀደ እርግዝና ሲቀንስ፣ በልጆች መሃል ያለው ጊዜ ሲሰፋ፣ የእናት ሰውነት ያገግማል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መጠበቅን ይመክራል።

ግን በዚያው በ2019 ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሹ ማለት ይቻላል ቤት ነው የተወለደው።

እኛ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሰሚት ያለን ሰዎች ርቀት ሰበብ አይሆንልንም። የመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ይሰጣል። መርፌው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ሉፑና ክኒኑም እዚያው አለ፤ የትኛው ለእናንተ እንደሚስማማ ነርሷን ጠይቁ። እርጉዝ ከሆንሽ ክትትሉን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጀምሪ። ደም ከታየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። ሚስቱ ያረገዘች ወንድም፣ የክትትሉን ቀን ስልክህ ላይ መዝግበው፤ የታክሲውን ብርም ከአሁኑ ለይተህ አስቀምጥ።