ትእዛዙን በካርቶን ላይ ያኖረ ሸማኔ፦ ዦዜፍ ማሪ ዣካር

ከላንቴ የሙዝ ማሳዎች መካከል ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው የጋሞን ደጋ ተራሮች ያያል። በእነዚያ ተራሮች፣ በዶርዜና በጨንቻ አካባቢ፣ ሽመና ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው። ሸማኔው የጥለቱን ሥርዓት የሚይዘው በጽሑፍ ሳይሆን በልቡናው ነው፤ የትኛው ድር እንደሚነሣ፣ ማጉ መቼ ቀለም እንደሚለውጥ እጁ ያውቀዋል። ከጉድጓዱ ከወጣ ግን ሥራው በዚያው ይቆማል። እኛ ዛሬ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ትእዛዝ ጽፈን፣ ሰዓት ቀጥረንለት፣ ያለ እኛ እንዲሠራ ትተነው የምንሄድበት ልማድ አንዱ ሥሩ ይህንኑ የሸማኔ ችግር ለማቃለል ከደከመ ሰው ዘንድ ይገኛል።

ዦዜፍ ማሪ ዣካር በ1752 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሐር ሸማኔ ነበር። በዚያ ዘመን አበባና ቅጠል ያለበትን ሐር ለመሥራት አንድ ሸማኔ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ አንድ ረዳት፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ልጅ፣ ማጉ በተወረወረ ቁጥር ገመድ እየሳበ ድሩን ያነሣለት ነበር። ሥራው እጅግ አድካሚ ከመሆኑም በላይ አንድ ገመድ የተሳሳተ እንደ ሆነ ጥለቱ ይበላሻል። ዣካር ከአባቱ የወረሰውን ሀብት ሳይቀናው አጥፍቶ ለድህነት ተዳረገ፤ በ1793 ሊዮን በአብዮቱ ጦር በተከበበች ጊዜ ከተከላካዮቿ ጋር ተሰለፈ፤ ልጁንም በጦርነት አጣ።

ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ በሙሉ ልቡ ወደ ፈጠራ ተመለሰ። በ1801 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላቀረበው የሽመና መሣሪያ የነሐስ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በ1804 ደግሞ በስሙ የሚጠራውን መሣሪያ አወጣ። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም። ቡሾን የተበሳ ወረቀት፣ ፋልኮን የተያያዙ ካርቶኖች፣ ቮካንሶን ራሱን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ከእሱ በፊት ሞክረዋል። የዣካር ብልሃት የሦስቱን ድካም አዋሕዶ ለዕለት ሥራ ማብቃቱ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ካርቶን የአንድ ውርወራ ትእዛዝ ይይዛል፤ መርፌው ቀዳዳ ካገኘ ያልፍና ድሩ ይነሣል፤ ካጣ ይገፋና ድሩ ባለበት ይቀራል። ካርቶኖቹ እንደ ሰንሰለት ተሰፍተው ስለሚዞሩ የመጨረሻው ሲያልፍ የመጀመሪያው ይመለሳል፤ ጥለቱም ሳይዛነፍ ይደገማል።

የናፖሊዮን መንግሥት መሣሪያውን የሕዝብ ንብረት አድርጎ ለዣካር ጡረታ ቈረጠለት። ሸማኔዎቹ ግን እንጀራቸውን የሚነጥቅ መስሎ ስለ ታያቸው ክፉኛ ተቃወሙት። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ገመድ ሳቢዎቹ ሥራ አጥተዋል። ያም ሆኖ በ1812 በፈረንሳይ 11,000 ያህል መሣሪያዎች ይሠሩ ነበር። ሕፃኑ ከገመዱ ተላቀቀ፤ ወዴት ይሂድ የሚለውን ጥያቄ ግን መሣሪያው አልመለሰም። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ጥያቄው ዛሬም እንዳላረጀ ይረዳል።

ዣካር በ1834 በሊዮን አቅራቢያ አረፈ። በ1839 ምስሉ 24,000 ያህል ካርቶን በፈጀ ሥራ በሐር ላይ ተሸመነ። ከእነዚህ ምስሎች አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ለሒሳብ መኪናው ንድፍ የተበሳውን ካርቶን ከዣካር ወሰደ። በ1890 ኸርማን ሆለሪት የአሜሪካን የሕዝብ ቈጠራ ውጤት በተበሳ ካርድ አጠናቀረ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮችም ትእዛዛቸውን በካርድ ሲቀበሉ ኖረዋል።

በዣካር ካርቶን ላይ ያልነበረው ሰዓት ነው፤ ሸማኔው በእግሩ ካልረገጠ ሰንሰለቱ አይዞርም ነበር። ይህን ጉድለት ከሞሉት አንዱ በ1970ዎቹ በዩኒክስ ላይ የተጀመረው ክሮን የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ሰዓቱን እየተመለከተ የተቀጠረውን ሥራ ያስነሣል። በላንቴም ሆነ በአርባ ምንጭ ያለ የቢሮ ኮምፒዩተር የቀኑን መዝገብ ሌሊት እንዲገለብጥ ሊቀጠር ይችላል። በቀጠሮው ሰዓት መብራት ከጠፋ ግን ክሮን ያለፈውን አያስታውስም፤ ሥራው ሳይሠራ ያልፋል። ስለዚህ ያመለጠው ሥራ ኋላ እንዲነሣ አስቀድሞ ማዘዝ፣ ጧት ጧትም ውጤቱን መመርመር የባለሙያው ግዴታ ነው። አንድ የተሳሳተ ቀዳዳ በየዙሩ ያንኑ ስሕተት እንደሚደግም የሊዮን ሸማኔዎች ያውቁ ነበር። ትእዛዝ ጽፎ የሚሄድ ሰው ለመኪናው የሚያስረክበው ሥራውን እንጂ ኀላፊነቱን አይደለም።