የቆዳ ፋቂው ልጅ፣ የሐር ትሉና እኔ

ልጅ ሳለሁ ሐረር ስሟን ያገኘችው ከሐር ይመስለኝ ነበር። ማስረጃም ነበረኝ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሐረሪ እናት ለዒድ ከሣጥናቸው የሚያወጡት የሐር ቀሚስ ነበራቸው። እጃችንን ሳንታጠብ አያስነኩንም። ጨርቁ ከጣት ላይ እንደ ውሃ ሲንሸራተት ትዝ ይለኛል። መኪና ግርግር ውስጥ ተደርድረው የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ሐሩን እዚያው የሚሠሩት ይመስለኝ ስለነበር፣ ትል ነው የሚሠራው ያሉኝ ቀን ሳቅኩባቸው። ትሉ እንደሚታመም፣ በሽታውም የሰውን ልጅ ሕክምና እንደለወጠ ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ ነው።

የዛሬው ወጌ ስለዚያ ትልና ስለ አንድ ሰው ነው። ሰውዬው ባለውለታዬ ነው። ለምን እንደሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሸዋ በር ወጣ ብለን ስንጫወት አንድ ውሻ እኔንና አብሮ አደጌን ነከሰን። እኔን ባቴ ላይ፣ እሱን እጁ ላይ። እማዬ ቁስሌን በሳሙና እያጠበች ስታለቅስ፣ ከዚያም እያዳፋች ጤና ጣቢያ ስትወስደኝ አስታውሳለሁ። በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ፤ ቀኑን የምቆጥረው በመርፌ ነበር። የጓደኛዬ ቤተሰቦች ደግሞ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወሰዱት። የሱ ቁስል ከኔ ቀድሞ ደረቀ። እንዲያውም መርፌ ፈሪ እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ውሃ መጠጣት አቃተው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

እኔ ይኸው አለሁ። በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ቆዳ ፋቂ ልጅ ሥራ ነው።

ሰውዬው ሉዊ ፓስተር ይባላል። አዲስ አበባ ስሄድ የታክሲ ረዳቶች ፓስተር፣ ፓስተር እያሉ ሲጣሩ በሰፈሩ አንድ ሰባኪ የነበረ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ጉለሌ የሚገኘው የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ኖሮ፣ ሰፈሩ ስሙን ይዞ ቀርቷል።

ፓስተር የተወለደው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ሲሆን ኑሮውን የሚመራው ቆዳ በመፋቅ ነበር። እኛ አገር ይህ ሙያ ሲያሰድብ የኖረ ነውና ይህን መስመር ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሲል በሚኖርባት በአርቧ አካባቢ አንድ ያበደ ተኩላ ሰው ይነክስ ጀመር። የተነከሱትን ሰዎች አንጥረኛው ቤት ወስደው ቁስላቸውን በጋለ ብረት ይተኩሷቸው ነበር። ትንሹ ሉዊ ያንን አይቷል፤ ሰምቷልም። ጅብ በየምሽቱ ፈላና በር ደጃፍ በሚበላባት ከተማ ላደግን ልጆች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

በትምህርቱ የተለየ ልጅ አልነበረም። ሥዕል ይወድ ነበር። በ1842 ለሳይንስ ዲግሪ ሲፈተን በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን ያው መካከለኛ ኬሚስት የአንድ አሲድ ጨው ክሪስታሎችን በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ በአንድ ለያቸው፤ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ተመሳሳይ ሆነው የማይገጣጠሙ ሁለት ዓይነት መሆናቸውንም አሳየ። በ1849 ማሪ ሎራንን አገባ። ማሪ ሚስቱ ብቻ አልነበረችም፤ ማታ ማታ ሐሳቡን እየተቀበለች የምትጽፍ የሥራ ባልደረባውም ነበረች።

ወደ ትሉ እንምጣ። በደቡብ ፈረንሳይ ድሃው ገበሬ የሚኖረው በሐር ትል ነበር። የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል እየመገበ ትሉን ያሳድጋል፣ ትሉ ራሱን የሚጠቀልልበትን የሐር ጥቅል ይሸጣል። በ1853 አገሪቱ 26 ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል የሐር ጥቅል አምርታ ነበር። በ1865 ግን ምርቱ ወደ 4 ሚሊዮን ወረደ። ትሎቹ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጡ ያልቁ ነበር። ያኔ ነው መምህሩ ዣን ባቲስት ዱማ ፓስተርን ሂድና መላ ፈልግ ብሎ የለመነው።

ፓስተር የሐር ትል በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። አቪኞን ሄዶ የነፍሳት ሊቁን ዣን አንሪ ፋብርን አገኘና የሐር ጥቅል እንዲያሳየው ጠየቀ። ጥቅሉን ጆሮው ሥር ይዞ ነቀነቀው። ውስጡ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማና ተገርሞ ምን እንዳለበት ጠየቀ። ፋብርም ሊያድነው የመጣው ነፍሳት ውስጡ እንደተኛ ነገረው። አላዋቂነቱን አለመደበቁ ፋብርን አስደነቀው። እኔም ከሰውዬው ታሪክ በጣም የምወደው ይህንን ነው።

ሥራው የተጀመረው በሐዘን ውስጥ ነው። በ1865 አባቱ ሞተ። በዚያው ዓመት የሁለት ዓመት ልጁ ካሚይ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት የ12 ዓመቷ ሴሲል በታይፎይድ ሞተች። ታላቋን ዣንን ቀደም ሲል በ1859 ያው ታይፎይድ ነጥቋታል። ከአምስት ልጆች ሦስቱን ቀብሯል ማለት ነው። ለራሱ ልጆች ያልደረሰ ሰው ለሰው ልጆች ሲሮጥ ኖረ።

ተሳስቷልም። በታመሙት ትሎች ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታዩትን ደቃቅ ቅንጣቶች ሌላው ሊቅ አንቷን ቤሻም ከውጭ የመጡ ጥገኛ ሕያዋን ናቸው ሲል፣ ፓስተር የለም፣ በሽታው ራሱ የፈጠራቸው ናቸው ብሎ ለሁለት ዓመት ያህል ተከራከረ። በመጨረሻ ረዳቶቹ የሠሩት ሙከራ አሳመነውና ሐሳቡን ቀየረ። መፍትሔው ግን ከስህተቱ ጋር አልወደቀም። እያንዳንዷ ሴት ቢራቢሮ ብቻዋን ቁራጭ ጨርቅ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ ቢራቢሮዋ በጥቂት ውሃ ተጨፍልቃ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። ቅንጣት ከተገኘባት እንቁላሏ ይቃጠላል፤ ከሌለባት ለዘር ይቀመጣል። ሚስቱና ልጁ ማሪ ሉዊዝ ሳይቀሩ ትል እየመገቡና እየመረጡ ያግዙት ነበር።

ፔብሪን የተባለው ይህ በሽታ መላ ቢገኝለትም ትሎቹ መሞታቸውን አላቆሙም። ያኔ ነው ሁለተኛ በሽታ እንዳለ የገባው። ፍላሸሪ ይሉታል፤ ትሉ ይልፈሰፈስና ይጠቁራል። ፓስተር በትሉ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች አየና እነሱን ጠረጠረ። በዚህ መሀል፣ በጥቅምት 1868፣ በ45 ዓመቱ ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ። ገና አልጋ ላይ እያለ ስለ ሐር ትል ማስታወሻ አስጻፈ። የሐር ትል በሽታ መጽሐፉን በ1870 ሲያወጣ ግራ እጁ እንደ ድሮው አልታዘዝ ብሎት ነበር።

እዚህ ላይ ፓስተር ሊያየው ያልቻለው ነገር ይመጣል። በ1960ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች አንደኛውን ተላላፊ የፍላሸሪ ዓይነት የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን አረጋገጡ። ባክቴሪያዎቹ ብዙ ጊዜ የተዳከመው ትል ላይ የሚበረቱ እንግዶች ናቸው። ቫይረሱ ስፋቱ ወደ 30 ናኖሜትር ነው፤ በፓስተር ማይክሮስኮፕ አይደለም በዛሬው የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕም አይታይም።

ታዲያ የማይታይን ነገር አካል ምን እንደሠራው እንዴት ያውቁታል? ይህን ያስረዳችኝ እዚሁ ሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ናት። የታመሙት ትሎች ይፈጫሉ። ጭማቂው እየተጣራ በኃይል በሚሽከረከር ማሽን ይዞራል፤ ከባዱ ከቀላሉ ይለያል፤ ቫይረሱ ለብቻው ይጠራል። ከዚያ ሳሙና መሰል ኬሚካል ጨምረው ሲያፈሉት የቫይረሱ አካል ወደተገነባባቸው ፕሮቲኖች ይበታተናል። እነዚያን ፕሮቲኖች ወፍራም አጥሚት በሚመስል ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ያስሮጧቸዋል።

ሩጫው እንዴት ይለያቸዋል ስላት፣ ጋሼ መኪና ግርግርን አስብ አለችኝ። በዚያ ጠባብ መንገድ በገበያ ቀን ትንሽ ልጅ በሰው እግር መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ ጆንያ የተሸከመው ግን እየተጋፋ ወደ ኋላ ይቀራል። ጄሉም እንደዚያው ነው፤ ትንሹ ፕሮቲን ሩቅ ይደርሳል፣ ትልቁ ይዘገያል። በሰማያዊ ቀለም ሲነከር እያንዳንዱ በደረሰበት መስመር ሆኖ ይታያል። ክብደታቸው የታወቀ ፕሮቲኖች ጎን ለጎን ስለሚሮጡ የነዚህም ይታወቃል። የጤነኛ ትል ጭማቂም አብሮ ይሮጣል፤ እዚያም የታየ መስመር የቫይረሱ ሳይሆን የትሉ ነው። ከዚያ መስመሩ ተቆርጦ የፕሮቲኑ ቅንብር ይነበባል፤ ከቫይረሱ የዘር መልእክት ጋር ይመሳከራል።

የፍላሸሪው ቫይረስ በዚህ መንገድ አራት ዋና ዋና ፕሮቲኖች እንዳሉት ታወቀ። ሦስቱ በክብደት ተቀራራቢ ናቸው፤ አራተኛው የነሱን ሲሶ ያህላል። ጥቂት ዓይነት ክሮች እየተደጋገሙ የሐረሪን ስፌት እንደሚሠሩ፣ እነዚህም እየተደጋገሙ የቫይረሱን ቅርፊት ይሠራሉ። የንብን ክንፍ የሚያጣምመው ቫይረስም የዚሁ ዘመድ መሆኑ ተደርሶበታል። ማር ቆራጭ ለሆነ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ፓስተር ከትሉ የተማረውን ይዞ ወደ እንስሳት ተሻገረ። የዶሮ ኮሌራ፣ ቀጥሎ አባ ሰንጋ። በ1881 ፑዪ ለ ፎር በተባለ ቦታ 25 በጎችን ከትቦ፣ 25ቱን ሳይከትብ፣ ለሁሉም በሽታውን ሰጠ፤ የተከተቡት ቆሙ፣ ያልተከተቡት አለቁ። በሐምሌ 6 ቀን 1885 ደግሞ ያበደ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን እናቱ ከአልሳስ ይዛው መጣች። ፓስተር ሐኪም አልነበረምና መርፌውን ሌላ ሐኪም ወጋለት። በ10 ቀን ውስጥ 13 መርፌ። ልጁ ዳነ። ያኔ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ፣ መቀመጫው የሐር ከተማ ሊዮን ለሆነ የንግድ ቤት እየሠራ በሐረርና በኤደን መካከል ይመላለስ በነበረባቸው ዓመታት ነው። ምኒልክ ሐረርን የያዙት ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነበር።

ስለ ፓስተር ስጽፍ መልአክ ላደርገው አልፈልግም። የላቦራቶሪ ማስታወሻዎቹን ማንም እንዳያሳይ ቤተሰቡን አስጠንቅቆ ነበር። ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሲገለጡ፣ በ1881 በጎቹን የከተበው በአደባባይ ባስገመተው ዘዴ ሳይሆን ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ባዳከመው ክትባት መሆኑ ታወቀ። ክብር ይወድ ነበር፤ ተቀናቃኞቹን አይምርም ነበር። እኔ ይህን ሳነብ አልተቀየምኩትም፤ ያደነኝ ሰው ሰው መሆኑን አወቅኩ እንጂ።

በስሙ የተሠራው ኢንስቲትዩት በ1888 ፓሪስ ውስጥ ተመረቀ። ፓስተር መስከረም 28 ቀን 1895፣ ከዓድዋ ድል አምስት ወር ቀድሞ አረፈ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን ይኸው ቀን ነው። የገዛ ክትባቱን ቫይረስ ሳያየው ሞተ። ዛሬ ያም ቫይረስ አምስት ፕሮቲኖች እንዳሉት፣ ከመካከላቸው ላዩ ላይ እንደ እሾህ የቆመው ሰውነታችን ለይቶ የሚዋጋው መሆኑ ይታወቃል። ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ከበግ አንጎል የሚሠራው የሆድ መርፌም በብዙ አገር ክንድ ላይ በሚሰጡ ጥቂት መርፌዎች ተተክቷል።

አሁንም ሐረር ውስጥ ውሻ የነከሰው ልጅ ሲያጋጥመኝ እደነግጣለሁ። ቁስሉ ደርቋል ሲሉኝ ደግሞ የባሰ እደነግጣለሁ፤ የጓደኛዬም ደርቆ ነበርና። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ ሳታድሩ ለክትባት ውሰዱት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

እማዬ ፓስተር የሚባል ሰው መኖሩን ሳታውቅ ሞተች። እያዳፋች የወሰደችኝ ግን እሱ በከፈተው መንገድ ነው። ጓደኛዬ ቢኖር ዛሬ እኩያዬ ነበር።

ሰላም ሰንብቱ።