ዳኛ ጃክሰን እና የኤሊስ ደሴቱ ሰው

የሮበርት ጃክሰን ስም ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ኑረምበርግን ነው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካንን ወክለው የናዚ መሪዎችን የከሰሱት እሳቸው ናቸውና። እኔ ግን ጃክሰንን የወደድኳቸው በተሸነፉበት ጉዳይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከቤት ነው። የአክስቴ ልጅ በሰው አገር ስደተኞች ማቆያ ውስጥ ወራት ሲቀመጥ፣ አክስቴ የሕግ ተማሪ ነህ ብላ ልጄ ምን አጥፍቶ ታሰረ እያለች ትጠይቀኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ጃክሰንን ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1892 ፔንስልቬንያ ውስጥ ተወልደው በኒውዮርክ ግዛት ገጠር አደጉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ሕግ የተማሩት በጠበቃ ቢሮ እየሠሩና አልባኒ በሚገኝ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ተቀምጠው ነው። እንዲያም ሆኖ በ1940 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ በ1941 ደግሞ የጠቅላይ ፍ/ቤት ዳኛ ሆኑ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ወደ ፍትሕ የተዛወረው በዚያው በ1940 ስለሆነ፣ የውጭ ዜጋ እንዴት እንደሚያዝ በሚገባ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ታዲያ የኢግናትዝ መዜይ ጉዳይ መጣ። መዜይ ቡፋሎ ከተማ 25 ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ ነው። በ1948 ልትሞት የተቃረበች እናቱን ለማየት ወደ ሮማንያ ቢሄድ አላስገቡትም፤ ሃንጋሪ ውስጥ 19 ወር ያህል ቆየ። በ1950 ሲመለስ ኤሊስ ደሴት ላይ ተያዘ። ለአገር ደህንነት ያሰጋል ተባለ፤ ማስረጃው ግን ምስጢር ነው ተብሎ ተደበቀው። ወደ ሌሎች አገሮች ለመሄድ ቢሞክርም የሚቀበለው ጠፋ። መግባትም መሄድም የማይችል ሰው ሆኖ ቀረ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ነፃነቱን እንዳያጣ የሚጠብቀው ዜጋን ብቻ ሳይሆን ሰውን ነው። ሆኖም በ1953 ፍ/ቤቱ መዜይ በሕግ ዓይን ገና ደጅ ላይ እንደቆመ ይቆጠራል ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደበት። ጃክሰን የልዩነት ሐሳባቸውን ጻፉ፤ ዳኛ ፍራንክፈርተርም አብረዋቸው ቆሙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። ጃክሰን የውጭ ዜጎች ጠበቃ አልነበሩም። ከዚያ በፊት በ1952 የቀድሞ ኮሚኒስት ፓርቲ አባላትን ከአገር ማስወጣት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም የሚለውን ውሳኔ የጻፉት እሳቸው ናቸው። በዚያው ቀን፣ ጉዳያቸው እስኪወሰን ኮሚኒስቶችን ያለ ዋስ ማሰር ይቻላል ካሉት 5 ዳኞችም አንዱ ነበሩ። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተናደድኩ።

ቆይቼ ሳስበው ግን ክርክራቸው የጠነከረው በዚሁ ምክንያት መሰለኝ። መንግሥት የውጭ ዜጋን ሊከለክል፣ አደገኛ ከሆነም ሊይዝ ይችላል ብለው ያምናሉ። ያልተቀበሉት፣ ሰው ምን እንደተባለ ሳይነገረውና መልስ ሳይሰጥ ማብቂያ ለሌለው ጊዜ መታሰሩን ነው። ለእሳቸው ሥነ ሥርዓት ማለት ወረቀት ማሟላት አልነበረም፤ መንግሥት ራሱ ከመሳሳት የሚድንበት መንገድ ነው።

መዜይ በኋላ ጉዳዩ በልዩ ቦርድ ታይቶ በ1954 ተለቀቀ። ጃክሰንም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አረፉ። በ2001 ያው ፍ/ቤት፣ አገር ውስጥ ከገቡ በኋላ እንዲወጡ ለተወሰነባቸውና ተቀባይ አገር ላጡ ሰዎች ሕጉን በጠባቡ ተርጉሞ 6 ወርን መለኪያ አደረገ። ደጅ ላይ ነው የተባለውን ሰው የሚመለከተው የ1953ቱ ውሳኔ ግን አልተሻረም።

ለአክስቴ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ነገር ግን ጥያቄዋ የእናት ለቅሶ ብቻ እንዳልሆነ ነግሬያታለሁ። ምን አጥፍቶ ነው የሚለው ጥያቄ በዳኛ ፊት ተነስቶ መልስ ማግኘት ያለበት የሕግ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ውሳኔ ስናነብ አብላጫው ድምፅ ላይ አናቁም፤ የተሸነፈውንም ገልጠን እንይ።