ዊሊያም ቴጌትማየር

ዊሊያም በርንሃርድ ቴጌትማየር (ኖቬምበር 4 ቀን 1816 – ኖቬምበር 19 ቀን 1912 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪና ጋዜጠኛ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ለውድድር የሚቀርቡ ዶሮዎች የሚዳኙበትን የዝርያ መስፈርት በ1865 በመጽሐፍ በማሳተሙና የቻርልስ ዳርዊን ረዳት በመሆኑ ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

የተወለደው በባኪንግሃምሻየር፣ ኮልንብሩክ በተባለች መንደር ነው። አባቱ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበር። እርሱም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕክምና ቢማርም በሙያው አልሠራበትም። ለተወሰነ ጊዜ የቤት አያያዝ ትምህርት ካስተማረ በኋላ ስለ ዶሮ፣ ስለ ርግብና ስለ ንብ በመጻፍ ይተዳደር ጀመር፤ ፊልድ በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣም የዶሮ አምድ አዘጋጅ ሆነ። ከ1855 ጀምሮ ከዳርዊን ጋር ይጻጻፍ ነበር። ዳርዊን ስለ ለማዳ አእዋፍ ለሚያነሣቸው ጥያቄዎች መረጃና ናሙና የሚልክለት፣ አንዳንዴም ሙከራ የሚሠራለት እርሱ ነበር። በ1856 ባለ ጉትያ ዶሮዎች ስላላቸው ልዩ የራስ ቅል ጥናት አቅርቧል።

የዝርያ መስፈርቱ

በእንግሊዝ አውራ ዶሮ ማዋጋት በሕግ ከተከለከለ በኋላ የዶሮ ውድድር በመልክ ላይ የተመሠረተ ሆነ። ነገር ግን አንዱ ዳኛ የሸለመውን ዶሮ ሌላው ሊጥለው ይችል ነበር። በገበያ ለሚገዛ ሰው ቀይ ወይም ገብስማ ማለት ይበቃዋል፤ ለዳኛ ግን አይበቃም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሰር ጆን ሴብራይት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያወጣው ሴብራይት የተባለው ባንታም (ድንክ ዶሮ) ነው። አውራው ክብደቱ 600 ግራም ገደማ ሲሆን ወርቃማ ወይም ብርማ ላባው ዙሪያውን በጥቁር የተከፈፈ ነው። እንደ ሌሎች አውራዎች ማጭድ የመሰለ ረጅም የጅራት ላባ የለውም፤ ላባው እንደ ሴቷ ነው። ይህን ሁሉ ያልጻፈ መስፈርት ዳኛውን ያሳስታል። ጥቁሩ ክፈፍ ላባውን ሙሉ በሙሉ ይክበብ ወይስ ጫፉ ላይ ብቻ ይታይ የሚለው እንኳ ተለይቶ መነገር አለበት።

ቴጌትማየር በዶሮ ማኅበሩ ፈቃድ ያዘጋጀው መጽሐፍ የየዝርያውን አካል ከራስ እስከ እግር እየገለጸ ለየክፍሉ ነጥብ መደበ። ማኅበሩ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ ዛሬ በብሪታንያ ያለው የዶሮ ማኅበር የተመሠረተው በ1877 ነው። የአሜሪካ የዶሮ ማኅበርም የራሱን መስፈርት በ1874 አሳተመ።

የዳኞች ቃል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል። የስፔን አውራ ዶሮ በአናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ቀድሞ ወደ ጎን ይወድቅ ነበር፤ ዳኞች ቀጥ ብሎ ይቁም ካሉ በኋላ በአራት አምስት ዓመት ውስጥ ጥሩ የሚባሉት ዶሮዎች ሁሉ እንደዚያ ሆኑ። ፖላንድ የሚባለው ባለ ጉትያ ዶሮም ጢም ይኑረው ስለተባለ በአንድ ትርኢት ከቀረቡት 57 ምድቦች ጢም የሌለው አልተገኘም። ስለዚህ መስፈርት ጸሐፊው ያለውን ዶሮ ብቻ ሳይሆን ገና ያልተፈለፈለውንም ይገልጻል ማለት ይቻላል።

በኋለኛው ዘመን

የሚገርመው ቴጌትማየር ራሱ በስተኋላ የውድድር ዶሮ ነቃፊ መሆኑ ነው። አርቢዎች ለላባና ለቅርጽ ሲሉ ሥጋንና እንቁላልን ችላ አሉ ብሎ ያምን ነበር። በ1890ዎቹ ባወጣው መጽሐፍ ለማዕድና ለገበያ የሚሆነውን ዶሮ ከጌጥ ዶሮ ጋር አነጻጽሮ ለመጀመሪያው ተሟግቷል። የጻፈው መስፈርት ግን ከእጁ ወጥቶ ነበር፤ ማኅበራቱ እያሻሻሉ ማሳተሙን ቀጠሉ። በለንደን በ96 ዓመቱ አረፈ።